ቀዝቃዛ ሲነካው ለሚነዝረው የልጅ መንጋጋ

እህቴ፣ የ7 ዓመት ልጅሽ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ እንደሚጮህና የኋላ መንጋጋው ላይ ቡናማ ነገር እንዳለ ጽፈሻል። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» ስላሉሽ ልጠብቅ ወይ ብለሻል። አትጠብቂ። በ6 ዓመት አካባቢ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ የሚበቅለው መንጋጋ ቋሚ ነው። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ብቅ ስለሚል ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

የኔም ልጅ እንዲሁ ነበረች። እዚህ ደብረ ብርሃን በኅዳር ውርጭ የጠዋት የቧንቧ ውሃ የጤነኛውንም ጥርስ ይነዝራል። የጥርስ ሽፋኑ ለደከመ ልጅማ አስቢው። «ሞልቃቃ ናት» ያሏት ነበሩ። ሙልቀት አይደለም። ኢናሜል የሚባለው የላይኛው ሽፋን ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ማዕድን ካነሰው ደካማና ቀዳዳ የበዛበት ይሆናል። ቅዝቃዜው በዚያ በኩል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በሕፃንነት የሚመጣ ከባድ ሕመም አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል ይላሉ ሐኪሞች። በነገራችን ላይ፣ «ግግ ነው» ተብሎ የሕፃን ድድ መቆፈሩም ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል። በየገጠሩ ዛሬም አልቀረም፣ ያሳዝናል።

ቤት ውስጥ የረዳን ነገር ቀላል ነው። ውሃውን ለብ አድርጊለት። ለስላሳና ሎሚ ይቅርበት፤ ቆሎም ለጊዜው ይቆየው፣ ደካማው ሽፋን ይሸረፋል። ሲያመው ያንን ጎን ሳይቦርሽ ይተወዋል፣ ከዚያ ጥርሱ ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ለስላሳ ብሩሽ ይዘሽ ራስሽ ቦርሺለት። ጥርስን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ይትፋው እንጂ በውሃ አይጉመጥመጥ፣ መድኃኒቱ ጥርሱ ላይ መቆየት አለበት። ከሰልና ጨው ግን በጭራሽ፤ የቀረውንም ይፍቁታል።

«ፍሎራይድ ጥርስ ያበላሻል፣ የመተሐራን ሰው እይ» የሚልሽ አይጠፋም። የዚያ ምክንያቱ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ከልጅነት ጀምሮ ለዓመታት መጠጣት ነው። ተቦርሾ የሚተፋ ሳሙና ሌላ ነገር ነው።

ዋናው ሥራ ግን የጥርስ ሐኪሙ ጋ ነው። መጀመሪያ የሚቀባው ቫርኒሽ ይባላል፣ ፍሎራይዱ ጠንከር ያለ ነው። አያምም፣ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ግን በዓመት ከ2 እስከ 4 ጊዜ ይደገማል። አንዴ አስቀብተው የሚቀሩ ወላጆች «አልሠራም» ሲሉ እሰማለሁ። ሽፋኑ መሸረፍ ከጀመረ ግላስ አዮኖመር በሚባል የጥርስ መሙያ ይሸፈናል። በጣም ከተጎዳ የብረት ቆብ ይደረግለታል። ለልጄ የተደረገላት ይሄው ነው፣ አሁን ቀዝቃዛም ትጠጣለች። ቆቡ ሲያብለጨልጭ ያዩ ሰዎች ያሾፋሉ፣ ያሹፉ! መበስበሱን የሚገታ፣ ግን ጥርሱን የሚያጠቁር የብር ፈሳሽም አለ፤ መንጋጋ ላይ ግድ የለም፣ የፊት ጥርስ ላይ ግን አስቢበት።

እንዲህ ያለ ጥርስ በማደንዘዣ መርፌ ቶሎ አይደነዝዝም። ሐኪሙ ከመጀመሩ በፊት ልጁ ምን ያህል እንደሚነዝረው ንገሪው። ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከሆነ ወይም ጉንጩ ካበጠ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ውሰጂው።