«ወንበር» ውስጥ «ነበር» አለ?

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆቼ አማርኛ በጨዋታ አስተምራለሁ። ፊደል በካርቶን ላይ ጽፌ እቆርጥና አዘበራርቄ እሰጣቸዋለሁ። እነሱ ቃል ያወጣሉ። ባለፈው የ«ወንበር»ን ፊደላት ሰጠኋቸው። ትልቁ «በር» እና «ወር» አወጣ። ትንሹ ግን «ነበር!» አለ። ወንድሙ «ን እንጂ ነ የለም» ብሎ ተነሣበት። ማን ነው ትክክል? ደግሞስ «ራስ» ተገልብጦ «ሥራ» ይሆናል ወይ?

መልስ፦ በካርቶኑ ከሄድን ትልቁ ልጅዎ ትክክል ነው። «ነ» ግዕዝ (የቤቱ አንደኛ ፊደል) ነው፣ «ን» ሳድስ (ስድስተኛው)። አንዱ የሌላውን ቦታ አይይዝም።

ትንሹን ግን «ተሳሳትክ» ብለው እንዳያሳፍሩት አደራ። ሳያውቀው የቃሉን ሥር ነው የነካው። የግዕዝ ቋንቋ «ነበረ» ሲል «ተቀመጠ» ማለቱም ነው። መቀመጫው «መንበር» ይባላል፤ ዛሬም «ሊቀ መንበር» እንላለን። አማርኛ «መ»ን በ«ወ» ተካና «ወንበር» አለው። ስለዚህ «ወንበር» እና «ነበር» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንድ ሕፃን በካርቶን ቁራጭ እዚህ መድረሱ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ጭቅጭቁ የመጣው ከፊደላችን ጠባይ ነው። እንግሊዝኛ 26 ፊደል አለው፤ አናባቢው ለብቻው ይቆማል። የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን ይዞ ነው የሚመጣው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ ሳይቆጠሩ። ስክራብል የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል የመሥራት ጨዋታ 100 የፊደል ጠጠር ነው ያለው። የእኛን አንድ አንድ ብቻ ብናስገባ እንኳ ሁለት ከረጢት ሞልቶ ይተርፋል። የእንግሊዝኛውን ሕግ እንዳለ ስናመጣው ጨዋታው ቶሎ የሚደርቀው ለዚህ ነው።

ለትልቁ ሳድሶችን ይስጡት። ብ፣ ድ እና ርን ብቻ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። መጀመሪያ «ብርድ» ይላል። ትንሽ ካሰበ «ብድር»። ከዚያ «ድርብ»። አራተኛው «ድብር» ነው፣ «ዛሬ ድብር ብሎኛል» እንደምንለው። ሁለት ሁለቱን ሲያጣምር ብር፣ ድር እና ድብ ይጨመራሉ። ከሦስት ቁራጭ ካርቶን ሰባት ቃል!

ያገኘውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያንብብልዎ። «ብድር» ላይ ድ ይጠብቃል። «ድርብ» ላይ ር ይጠብቃል። «ብርድ» ላይ የሚጠብቅ የለም። ጽሕፈታችን ይህን አያሳይም፤ ልጁ በጆሮው ነው የሚያገኘው። ውጭ አገር ለሚያድግ ልጅ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም። ሲለምድ «ክንድ»ን ይስጡት፣ «ድንክ» ያወጣል። ከ«ምርጥ» «ጥምር»፣ ከ«ክብር» «ብርክ»፣ ከ«ልብ» «ብል» ይወጣል። ራብዕ (አራተኛውን) ከፈለጉ «ላባ» «ባላ» ይሆናል፣ «ጫማ» ደግሞ «ማጫ»። ማጫ ምን እንደሆነ አያቱን ስልክ ደውሎ ይጠይቅ።

ለትንሹ ሌላ ሕግ ያውጡለት። ካርቶኑ ፊደሉን ሳይሆን ቤቱን ይወክል። «ን» ከደረሰው ነ፣ ኑ፣ ኒ፣ ና እያለ የፈለገውን ይውሰድ። በዚህ ሕግ «ነበር» ሙሉ ነጥብ ያገኛል። እነዚያው ብ፣ ድ፣ ርም በረደ፣ ደረበ፣ ደብር፣ ዳቦ፣ ዱባ፣ ዱር፣ ዳር እያሉ ይበዛሉ። እኔ የማደላው ለዚህኛው ነው፤ ከአማርኛ አሠራር ጋር ይሄዳል። ተነባቢዎቹ ትርጉሙን ይሸከማሉ፣ አናባቢው ይቀያየራል። ብቻ የትኛውን ሕግ እንደምትጫወቱ ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ።

«ራስ» እና «ሥራ»ስ? «ራስ» የሚጻፈው በእሳቱ ሰ ነው። «ሥራ» በንጉሡ ሠ። በጥብቁ ሕግ አንዱ ከሌላው አይወጣም። ድምፃቸው ግን ዛሬ አንድ ነው፤ ልጅ በጆሮው ሰምቶ ያገኘውን ቃል መከልከል አልወድም። ይቀበሉት፤ ነጥቡን የሚይዘው ግን ቃሉን ደብተሩ ላይ በንጉሡ ሠ ሲጽፈው ይሁን። «ፀሐይ ሠረቀች» እና «ሌባ ሰረቀ» በጽሑፍ የሚለዩት በዚችው ፊደል ነውና ከአሁኑ ዓይኑ ይልመዳት።