ጥያቄና መልስ፦ ቄስ በሌለበት ከተማ የአባቶቻችንን ጸሎት እንዴት እንጠብቅ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ከጋምቤላ መጥቼ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያደግሁት ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በወጣችው በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚህ 11 ነን። እሑድ ማታ አንዱ ጓደኛችን የተከራየው ክፍል ውስጥ ተሰብስበን እንጸልያለን። ቄስ የለንም። አምና 16 ነበርን። ግማሾቻችን «የጸሎት መጽሐፉ አርጅቷል፣ ይቅር፣ ሰው የሚመጣው ሞቅ ያለ መዝሙር ሲኖር ነው» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከአገር ቤት ይዘነው ከመጣነው አንዲት ቃል አትነካም ባዮች ናቸው። ጎረቤቶቻችን «ጴንጤ ናችሁ? ካቶሊክ ናችሁ?» ሲሉን መልስ ያጥረናል። ወጋችንን ሳንጥል እንዴት እንደግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። 11 ሰው ትንሽ አይደለም። እኔ እዚሁ ጎንደር አንድ ዓመት ሙሉ የማታ ጸሎት ለሁለት ስጸልይ ኖሬአለሁ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ነች፤ እሷም አንዳንዴ እንቅልፍ ይጥላታል።

ከቄሱ ልጀምር። ቄስ ስለሌላችሁ የማትችሉት ነገር አለ። የምትችሉት ግን ይበዛል። የጠዋትና የማታ ጸሎትን ማንም የተጠመቀ ምእመን መምራት ይችላል። ኑዛዜውን አንድ ላይ በሉ። ከኑዛዜው ቀጥሎ ካህኑ የሚያውጀው የይቅርታ ቃል አለ፤ ካህን ያልሆነ ሰው እሱን አያውጅም፤ በቦታው ይቅርታ የሚለምን አጭር ጸሎት ያነባል። ሌላው እንዳለ ነው፤ መዝሙሩ፣ ምንባቡ፣ የእምነት መግለጫው፣ ልመናው። ቁርባን ግን ቄስ ይፈልጋል። «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው» ብላችሁ በዳቦና በጁስ የራሳችሁን እንዳትጀምሩ። አዲስ አበባ ስትወርዱ የእኛው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ማቴዎስ አለ። ለእረፍት ጋምቤላ ስትገቡ ደግሞ አጥቢያችሁ አለ። ናፍቆቱ አይጎዳችሁም።

ሌላም አለ። ለጳጳሳችሁ ደብዳቤ ጻፉ። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጋምቤላ በአንግሊካኑ የእስክንድርያ አውራጃ ሥር ያለ ሀገረ ስብከት ነው። እናንተም የእሱ ልጆች ናችሁ። «ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለን ሰዎች አለን» ብላችሁ ስማችሁን ላኩ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የጳጳስ ቤተ ክርስቲያን ናት። ጳጳሱ የማያውቀው ቡድን የጓደኛሞች ስብስብ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ክርክራችሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም በወጣትነቴ «መጽሐፉ ይቅር» ካሉት አንዱ ነበርኩ። በሌላ ከተማ ትንሽ ኅብረት እመራ ነበር። ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ አገኘን። ጸሎቱን አሳጠርነው፣ ቀጥሎም ተውነው። ሁለት ወር ያህል ቤቱ ሞላ። ከዚያ ልጁ ሌላ ቦታ ሥራ አገኘና ሄደ። ኪቦርዱም የእሱ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ተሰብስበን እርስ በርስ ተያየን። የምንለው ጠፋን። አንድም ሰው መዝሙረ ዳዊት በቃሉ አይዝም፤ የእምነት መግለጫውን እንኳ መሀል ላይ ይስቱታል። የሞላነው በአንድ ሰው ጣት ነበር፤ ባዶ የሆንነውም በእሱው።

ይህን ስል መዝሙር ይቅር ማለቴ አይደለም። የጸሎት መጽሐፋችን በሆነው በ1662ቱ (እ.ኤ.አ.) የጋራ ጸሎት መጽሐፍ ከሦስተኛው አጭር ጸሎት ቀጥሎ ለመዝሙር የተተወ ቦታ አለ። እዚያ ላይ ከበሮውን አምጡት፤ እንደ ጋምቤላው አድርጋችሁ ዘምሩ። ሩብ ሰዓትም ይሁን። ከዚያ ወደ ልመናው ተመለሱ። «ሞቅ ይበል» የሚለውም «አንዲት ቃል አትነካም» የሚለውም የሚጣሉበት ምክንያት አይኖርም።

«አርጅቷል» ለሚሉት ደግሞ አንድ ነገር በላቸው። ያላችሁት ጎንደር ነው። በአታ ቤተ ክርስቲያን ጎራ ብላችሁ የአቋቋም ተማሪዎችን እዩ። ተማሪው ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ፣ ደግሞ ደጋግሞ፣ ዓመታት ይፈጅበታል። ማንም ጎንደሬ «ይህ ልጅ ያረጀ ነገር ይማራል» አይለውም። ሊቅ ሊሆን ነው ይለዋል። እኛ ሁለት ገጽ ጸሎት ሰለቸን።

እንግዲህ ዋናው ምክሬ መዝሙረ ዳዊት ነው። የጸሎት መጽሐፋችን 150ውን መዝሙር በ60 ከፍሎታል፤ 30 ለጠዋት፣ 30 ለማታ። በወር አንዴ ይዘለቃል። ከ1549 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥርዓቱ ወርሃዊ ነው። አሁን የሚገርመውን ስማ። ፈረንጆቹ ወራቸው 31 ሲሆን ቀን ይተርፋቸዋል፤ የ30ኛውን ይደግማሉ። ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ ሳይጨርሱ ወሩ ያልቅባቸዋል። የኛ ወር 30 ነው። አሥራ ሁለቱም። መጽሐፉን መጀመሪያ ያዘጋጀው የእንግሊዙ ሊቀ ጳጳስ ክራንመር ጎንደርን አያውቅም፣ ግን ለኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ የሰፋው ልብስ ይመስላል። ጳጉሜን ሲመጣ እኔ የመዓርግ መዝሙራቱን፣ ከ120 እስከ 134 ያሉትን፣ በቀን ሦስት ሦስት እላለሁ። 15 ናቸው፤ በአምስት ቀን ልክ ይመጣሉ። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን አንዱን ቀን የፈለጋችሁትን ድገሙ።

ስለዚህ እሑድን ብቻ አትጠብቁ። ማታ ማታ ሁለት ሰው በቂ ነው። የቀኑን መዝሙር በሉ፣ አንድ ምንባብ አንብቡ፣ አባታችን ሆይ በሉና ተለያዩ። ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ፈተና ሲደርስ እንኳ ይቻላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በቃል የያዛችሁት ምን ያህል እንደሆነ ታያላችሁ። ይህ የጎረቤቱንም ጥያቄ ግማሹን ይመልስላችኋል። ጎንደር ላይ ዳዊት መድገም ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። እማማ «ማታ ማታ ምን ታጉተመትማላችሁ?» ካሏችሁ «ዳዊት እየደገምን ነው» በሏቸው። ቡና ባይጠሯችሁ ታዘቡኝ።

ቋንቋውስ? ከጸሎት መጽሐፉ ጋር ከሚታተሙት ከ39ኙ የቤተ ክርስቲያናችን የእምነት አንቀጾች 24ኛው ሕዝቡ በማይገባው ቋንቋ መጸለይን ይከለክላል። ከመካከላችሁ ኑዌርም አኝዋክም ማጃንግም ይኖራል ብዬ እገምታለሁ። ምንባቡ ለሁላችሁም በሚገባው በአማርኛ ይሁን። አባታችን ሆይን እያንዳንዱ በእናቱ ቋንቋ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበል። መጀመሪያ ትስቃላችሁ። በኋላ ትለምዱታላችሁ። «አንዲት ቃል አትነካም» ለሚለው ወንድም ደግሞ 34ኛውን አንቀጽ አንብብለት፤ ወግና ሥርዓት በየቦታው አንድ ዓይነት መሆን የለበትም ይላል። እሱ የሚጠብቀው መጽሐፍ ራሱ ነው እንዲህ የሚለው።

እግረ መንገዴን፣ ወግ ጠባቂዎች ስንባል የምንታወቅበት አንድ በሽታ አለ። በ1976 (እ.ኤ.አ.) የአንግሊካን ወገን የሆነችው የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ሴቶችን በክህነት ለመሾምና የጸሎት መጽሐፉን ለመለወጥ ወሰነች። ይህን ያልተቀበሉት በዓመቱ ሴንት ሉዊስ ከተማ ተሰብስበው አሮጌውን ሥርዓት እንጠብቃለን አሉ። ብዙም ሳይቆዩ እርስ በርሳቸው ተከፋፈሉ። አንዱ ጳጳስ ከሌላው ጋር፣ አንዱ ሀገረ ስብከት ከሌላው ጋር። ከእነዚህ አራቱ አትላንታ ላይ ተፈራርመው ሙሉ ኅብረት የመሠረቱት በ2017 (እ.ኤ.አ.) ነው። አርባ ዓመት! በውሳኔው የምትስማማም የማትስማማም ሁን፣ ይህን ግን ያዝ፤ መጽሐፉን አንድ ላይ የሚጠብቁ ሰዎችም ሊጣሉ ይችላሉ። 11 ሰው ለሁለት ከተከፈለ ደግሞ የሚቀረው አምስት ነው።

«ምንድን ናችሁ?» ለሚለው ጥያቄ ትንሽ ታሪክ ብታውቁ ጥሩ ነው። እንግዳ ብትሆኑም ስማችሁ ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም። በ1830 (እ.ኤ.አ.) ሳሙኤል ጎባት የሚባል ሚሲዮናዊ ጎንደር ገብቶ ነበር። የላከው የእንግሊዞቹ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ነው። የያዘው በ1824 የታተመውን የአማርኛ ወንጌል ነበር። ያንን የተረጎመው የጎጃሙ ሰው አቡ ሩሚ ነው። ጎባት ከጎንደር ሊቃውንት ጋር ተቀምጦ ሲነጋገር ሰነበተ። በኋላ የኢየሩሳሌም አንግሊካን ጳጳስ ሆነ። ከዚያ በ1860 (እ.ኤ.አ.) ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚሲዮናዊ መጣና በደምቢያ በቤተ እስራኤል መካከል ሥራ ተጀመረ። ይህኛው ታሪክ ለቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ቁስል አለው፤ በኩራት አታውሩት። አፄ ቴዎድሮስና አቡነ ሰላማ ሲፈቅዱ አንድ ቃል አስገቡ፤ የሚያምነው የሚጠመቀው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለዚህም ነው በዚያ ሁሉ ድካም ጎንደር ላይ የአንግሊካን አጥቢያ ያልቀረው።

ከዚያ ታሪክ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በ1868 (እ.ኤ.አ.) ከመቅደላ በኋላ ፈረንጆቹ ሄዱ፣ መመለስም አልተፈቀደላቸውም። ሥራው አልቆመም። እነ ሚካኤል አረጋዊ፣ የአገሩ ልጆች፣ ትምህርት ቤቱንና ስብከቱን ለዐሥርት ዓመታት ይዘው ቆዩ። ከውጭ የሚመጣው ደብዳቤና ጥቂት እርዳታ ነበር። በጣም ሩቅ ካለ ጳጳስ ጋር በደብዳቤ የምትኖሩ እናንተ እነሱን ትመስላላችሁ።

ስለ ማደግ የምለው አጭር ነው። ከማኅሌት ሰው አታስወጡ። የኦርቶዶክስን ልጅ ለማግባባት ብላችሁ በር አታንኳኩ፤ የእኛ ወግ አይደለም፣ ከጎረቤትም ያጣላችኋል። መጥቶ የሚጠይቅ ካለ ግን በሩን አትዝጉበት። የእናንተ መከር መናኸሪያ ላይ ነው። አዲስ ተማሪዎች ሲመጡ ሻንጣቸውን የሚሸከምላቸው፣ ዶርም የሚያሳያቸው፣ እንጀራ የሚያበላቸው ማነው? ከጋምቤላ የመጣ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎንደር ብርድ ሲመታው ብርድ ልብስ ያዋሰውን አይረሳም። ባለፈው ዓመት 16 የነበራችሁት ወደ 11 የወረዳችሁት አንዳንዶቹ ስለተመረቁ ይመስለኛል። ይህ በየዓመቱ ይሆናል። ስለዚህ ጸሎቱን የሚመራው ሁልጊዜ አንተ አትሁን። ለሁለተኛ ዓመቷ ልጅ አሁኑኑ ስጣት። ትሳሳት። አንተ ስትመረቅ እሷ ታውቀዋለች፤ እሷም ለሌላው ትሰጣለች። እኅቶቻችሁን ደግሞ የእናቶች ኅብረትን ልምድ ጠይቋቸው። ሜሪ ሰምነር በ1876 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ የጀመረችው ነው፤ ጋምቤላ ላይ እናቶቻችሁ የታመመ ሲጠይቁ፣ ያዘነ ሲያጽናኑ አይታችኋል። እሱን ግቢ ውስጥ አምጡት።

እና በወሩ 15ኛው ቀን ማታ ተዘጋጁ። የዚያ ምሽት ድርሻ መዝሙር 78 ብቻውን ነው፤ በግዕዙ ዳዊት 77ኛው። ከ70 በላይ ቁጥር አለው። እኔ ጋር ሲጸልዩ የነበሩ ልጆች 15ኛው ቀን ላይ ሥራ ይበዛባቸው ነበር። የሚናገረው ግን አባቶች የነገሩንን ለሚመጣው ትውልድ አንደብቅም ስለሚለው ነገር ነው። በየተራ አሥር አሥር ቁጥር አንብቡት። እኔም የዚህ ወር 15 ማታ እመጣለሁ፤ ሰፈሩን ጻፍልኝ። ቆሎ አመጣለሁ፣ ቡናው ከእናንተ።