«ሕፃናት የሚጾሙትን ፍልሰታ እኔ ልግደፍ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የ29 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ክትትል ላይ የእርግዝና ስኳር አለብሽ ተባልኩና ማታ ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ሐኪሜ ምግብ ሳትዘልዪ በሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ብዪ ብላኛለች። ፍልሰታ ግን ሕፃናት እንኳ የሚጾሙት ጾም ነው። እናቴ ሰባት ልጅ ስትወልድ አንድም ቀን አልገደፈችም። ለ15ቱ ቀን ኢንሱሊኑን ትቼ፣ ጸበል እየጠጣሁ እስከ 9 ሰዓት ብጾም ምን ይላሉ? ካልሆነም ከወለድኩ በኋላ የጎደለውን ቀን ብከፍልስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ቀጥዬ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ኢንሱሊኑን አታቁሚ። ዛሬ ማታም፣ ነገ ማታም። ሌላውን ባታነቢው እንኳ ይህችን ያዢልኝ።

ጾም ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ እሱን አልሰብክሽም። «ብከፍልስ» ያልሽው ላይ ግን ልቆይ። ስንት እናት ይህንን እንደጠየቀችኝ ቆጥሬ አልዘልቀውም። አንዷ እንዲያውም ያልጾመቻቸውን ቀኖች ደብተር ላይ ስትጽፍ ከርማ፣ ከወለደች በኋላ እያጠባች መክፈል ጀምራ፣ ራሷን እያዞራት መጣች። ደብተሩን አሳየችኝ። ረቡዕና ዓርብ በቀይ፣ ዐቢይ ጾም በሰማያዊ እስክሪብቶ። የሱቅ ዱቤ ነው የሚመስለው። እኅቴ፣ ጾም ዱቤ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ጾምን ሲደነግግ በሽተኛውን ለይቶ ያወጣዋል። ከወጣ ደግሞ ዕዳ የለበትም። አንቺ ግን እግዚአብሔር ረሃብሽን ቆጥሮ የሚቀበል አድርገሽ ስለሳልሽው ሒሳቡ ይጎድልብሻል። «ምሕረትን እወዳለሁ መሥዋዕትንም አይደለም» የሚለውን ቃል ጌታ መቼ እንደጠቀሰው ታስታውሻለሽ? ደቀ መዛሙርቱ ርቧቸው እሸት ቀጥፈው በልተው በተከሰሱ ጊዜ ነው (ማቴ. 12)። ለተራቡት ነው የተከራከረላቸው።

እናትሽን አከብራለሁ። ግን ያኔ ስኳሯን ማን ለካላት? ከእንግዴ ልጁ የሚወጣው ሆርሞን የእናትን ኢንሱሊን ያደክማል። አንዷ ትቋቋመዋለች፣ ሌላዋ አትችለውም። የቅድስና ልዩነት አይደለም። የአንቺ ስኳር ወደ ልጁ ያልፋል፣ የምትወጊው ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስኳሩ ሲበዛበት ልጁ የራሱን ኢንሱሊን እያመረተ ከልክ በላይ ይፋፋል፣ ምጥ ይከብዳል፣ ከተወለደ በኋላ ደግሞ የእሱ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል። ሕፃናት ይጾማሉ ያልሽው ልክ ነው። በሆድሽ ያለውን ግን ማንም አልጠየቀውም።

እስቲ ደግሞ አስቢው። ማታ ኢንሱሊን ተወግተሽ፣ ምንም ሳትቀምሺ ቅዳሴ ላይ ቆመሽ፣ ላብ ላብ ሲልሽና እጅሽ ሲንቀጠቀጥ። ይሄ ተመስጦ አይደለም፣ ስኳርሽ ወርዶ ነው። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየሽ እዚያው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ጠጪ። 9 ሰዓት ላይ ቤት ገብተሽ ሁለት እንጀራ በሽሮ ስትበዪ ደግሞ ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል። ሐኪሞች የሚፈልጉት ጠዋት በባዶ ሆድ ከ95፣ ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች እንዲሆን ነው።

የጾም ምግብ ለስኳር ጥሩ ነው የሚሉም አሉ። ዳቦውም፣ ድንቹም፣ ጭማቂውም፣ ተምሩም የጾም ነው እኮ! ሐኪምሽ ከተስማማች በምስር፣ በሽንብራና በጎመን፣ እንጀራውን ቀነስ አድርገሽ፣ በሰዓትሽ እየበላሽ ከሥጋና ከወተት መከልከል ትችዪ ይሆናል። እንቁላልና ወተት ያስፈልግሻል ካለችሽ ግን ብዪ። ሰው አየኝ ብለሽ ጓዳ አትግቢ።

ጸበሉንም ጠጪ፣ ማን ከለከለሽ? መድኃኒት ካልተውኩ እምነቴ አይቆጠርም የሚለው ነው የማይገባኝ። ለሕዝቅያስ 15 ዓመት ዕድሜ ከእግዚአብሔር ተጨመረለት። ይህን የነገረው ያው ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው እባጩ ላይ እንዲለጥፉለት አዘዘ (ኢሳ. 38፥21)። ንጉሡም ዕድሜዬ ተጨምሮልኛል፣ በለሱ ይቅርብኝ አላለም።

ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። መቁረብ ከፈለግሽ ሰዓቱን ከእሳቸውም ከሐኪምሽም ጋር ተነጋገሪበት። እሳቸው እስኪገኙ ብለሽ ግን ምግብ እንዳትዘልዪ። ለሐኪምሽም ምንም አትደብቂ።

ስኳሩ ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ቢሆንም ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሰሽ መመርመር አለብሽ፣ ምክንያቱም ወደፊት የመምጣት ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ወንድ ከሆነ 40ው፣ ሴት ከሆነች 80ው ቀን እዚያው ውስጥ ይወድቃል። ለክርስትናው ሽር ጉድ ሲጀመር የምርመራውንም ቀጠሮ አብረሽ አስይዢ።