የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በጥሬ ገንዘብ የቀረበ የሕይወት መድን ዓረቦን

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የሕይወት መድን የሽያጭ ወኪል ነኝ። አንድ አነስተኛ የእህል ነጋዴ የ10 ዓመቱን ዓረቦን (የመድን ክፍያ) በአንድ ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ልክፈል አሉኝ፤ ስለ ሽፋኑ ምንም ሳይጠይቁ፣ ውሉን ባፈርሰው ገንዘቡ በሌላ ሰው ስም ይመለሳል ወይ አሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መጠራጠርዎ ተገቢ ነው። የሕይወት መድን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ልጆቹ ምን እንደሚያገኙ ነው፤ ስለ ውል ማፍረሻው ብቻ የሚጠይቅ ግን፣ ተቀናሽ ቢኖርበትም እንኳ፣ ምንጩ ያልታወቀን ገንዘብ በመድን ድርጅት ቼክ ሕጋዊ ማስመሰል ፈልጎ ሊሆን ይችላል። ማስረጃ ፍለጋ አይድከሙ፤ በቂ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ይበቃል። ያዩትን ከነቀኑና ከነገንዘቡ መጠን ጽፈው ለድርጅትዎ የሕግ ተገዢነት ኃላፊ ዛሬውኑ ይስጡ፤ ድርጅቱም አጠራጣሪ የገንዘብ ዝውውር ጥቆማዎችን ለሚቀበለው የመንግሥት ተቋም፣ ለፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት፣ ያሳውቃል። በሕጉ መሠረት በቅን ልቦና ያሳወቀ ሰው አይጠየቅም፤ ስለ ጥቆማው ለደንበኛው ሹክ ማለት ግን፣ የማኅበር ወዳጅዎ ቢሆኑም፣ የተከለከለ ነው።