የትንንሽ አፎች ጥያቄ

ሰሞኑን የላካችሁልኝ ሁሉ ስለ ልጆች ጥርስ ነው። የድሬ ልጅ ነኝና አንቱታ አትጠብቁብኝ።

ከከዚራ፦ የአራት ዓመት ልጇ የፊት ጥርሶች ተራርቀዋል፤ እናት ተጨንቃለች።

ደስ ይበልሽ። የሚመጡት ቋሚ ጥርሶች ሰፋፊ ናቸው፣ ክፍተቱን ይፈልጉታል። እስከዚያው በፍንጭቷ ትሳቅ።

ከጀጎል፦ ልጁ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ አውራ ጣቱን ይጠባል። ጥርሱን ሲገጥም ከፊት ምላስ የምታሾልክ ቀዳዳ ትቀራለች። አያቱ ጣቱን እሬት ቀቡት። እሬቱን ልሶ ጨረሰና ቀጠለ።

ሳልስቅ አላለፍኩም። ጥርሶቹ እንዳይገናኙ የያዛቸው ጣቱ ነው። አሁን ከተወ ብዙ ጊዜ ክፍተቱ በራሱ ይዘጋል። ቋሚዎቹ እስኪወጡ፣ እስከ 6 ዓመት ገደማ ከቀጠለ ግን ይከብዳል። እሬቱንም ቁጣውንም ተዉት። እንቅልፍ ሲመጣ እጁ የሚይዘው አሻንጉሊት ስጡት፤ ሳይጠባ ሲያድር አመስግኑት።

ከሳቢያን፦ የአምስት ዓመት ልጇ የኋላ መንጋጋ ተቦርቡሮ ሌሊት ያስለቅሰዋል። ጎረቤት "ይነቀል፣ የወተት ጥርስ አይደል!" አለቻት።

አቦ፣ ይቺን "የወተት ጥርስ አይደል" ስንት ጊዜ ሰማኋት! ቀፊራ ገበያ አትክልት የምትሸጥ ሴት መደቧን ለቃ ብትጠፋ ምን ይሆናል? ጎረቤቷ የቲማቲም ክምሯን ገፋ፣ ገፋ ታደርጋለች። ሴትየዋ ስትመለስ መቀመጫ የለም። አፍ ውስጥም ይኸው ነው። የመጨረሻው የወተት መንጋጋ ቦታውን የሚለቀው ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በ6 ዓመት ገደማ ከበስተኋላው ትልቁ ቋሚ መንጋጋ ይወጣል፤ ፊቱን ባዶ ካገኘው ወደፊት ይገፋል። ከሥር ተራውን የሚጠብቀው ጥርስ መውጫ ያጣል። ወይ ጠምሞ ይወጣል፣ ወይ ድድ ውስጥ ይቀራል። ያኔ "የአባቱ ወገን ጥርስ እንዲህ ነው" ይባላል። የአባቱ ወገን ምን በወጣው!

እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ዛሬ ነገ አይባልም፣ ሐኪም ይየው። ፊቱ ካበጠ ወይም ካተኮሰው በዚያው ቀን ውሰጂው። መጀመሪያ "ሊሞላ ይችላል ወይ?" በይ። መግል ከያዘ መነቀሉ ግድ ሊሆን ይችላል። ያኔ ደግሞ "ቦታውን ምን ይጠብቅለታል?" ብለሽ ጠይቂ። አጠገቡ ያለው ጥርስ ላይ የሚታሰር ትንሽ ቀለበትና ሽቦ አለ።

ከገንደ ቆሬ፦ ልጅቷ ጥርሷን ስትገጥም አገጯ ወደ ግራ ይሸሻል። "ስታድግ ይስተካከላል?"

ይሄን አትጠብቁት። በአንድ በኩል የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ከታችኛው ወደ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ልጅቷም ለመግጠም አገጯን ታንሸራትታለች። አጥንቱ በዚያው ተዛብቶ እንዳያድግ በጊዜ መታየት አለበት። ድሬ ያየው ሐኪም ወደ ሌላ ከላካችሁም ሂዱ። አደራ።

ከሐረር፦ "ለአራት ዓመቷ ልጄ ሽቦ ይታሰርላት? ፎቶ ልኬያለሁ።"

ለመልክ ከሆነ ገና ነው። 7 ዓመት ሲሆናት አንዴ ትታይ። ፎቶው ላይ የጠመመው ደግሞ ካሜራው ነው።