ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ባሌኖ፣ ስታርሌት፦ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ጋራዤ ለገጣፎ ነው። ዛሬ ዝናቡ ደንበኛ አላስመጣልኝም፣ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ስለ ትናንሽ መኪኖች ያላችሁን ጥያቄ አምጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መኪኖች ይጋሩታል የሚሉት ፕላትፎርም ሻንሲው ነው?

መልስ፦ ሊቀራረብ ይችላል፣ ግን አይደለም። እንደ አይሱዙ ያለ የጭነት መኪና ሻንሲው ለብቻው የቆመ ብረት ነው። ቪትዝ ላይ ግን ከቦዲው ጋር አብሮ የተበየደ ነው። ፕላትፎርም የሚባለው ከሥር ያለው ነገር ነው፦ ወለሉ፣ ሞተሩ የሚቀመጥበት፣ መሪውና እግሩ የሚታሰሩበት። እሱን ነድፎ መፈተን ብዙ ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ አንዴ ይሠሩና የተለያየ ልብስ ያለብሱታል። ፕላትዝ፣ ፈንካርጎ፣ ቢቢ፣ ፕሮቦክስ፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ቪትዝ ጋር ዘመድ ናቸው።

ጥያቄ፦ ቪትዝና ያሪስ አንድ ናቸው ሲሉኝ የያሪስ ዕቃ ገዛሁ፣ አልገባም!

መልስ፦ አንድ ናቸው፣ ጃፓን እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ቪትዝ ሲለው አውሮፓ ያሪስ ይለው ነበር። ችግሩ ሰው በስም መግዛቱ ነው። እስቲ ሊብሬህን አውጣና ሻንሲ ቁጥሩን እይ። በኤስሲፒ10 ከጀመረ የመጀመሪያው ትውልድ ነው፣ 1.0 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር። ኬኤስፒ90 ከሆነ ሁለተኛው ነው፤ እሱም 1.0 ነው፣ ግን ባለ ሦስት ሲሊንደር። በቪኤንኬ ከጀመረ ደግሞ ፈረንሳይ የተገጠመ ያሪስ ነው። ባለፈው አንድ ልጅ ከሶማሌ ተራ የውሃ ፓምፕ በፌስታል ይዞ መጣ። «የቪትዝ ነው» ብለው ሸጡለት። አልዋሹትም፣ የቪትዝ ነው፤ የሱ ቪትዝ አይደለም እንጂ። ሁለት ጊዜ ታክሲ ከፍሎ መለሰው።

ጥያቄ፦ ፔጆ 107 ውስጡ ቶዮታ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ከቶዮታ አይጎና ከሲትሮየን ሲ1 ጋር ቼክ ውስጥ ኮሊን ከተማ ከአንድ ፋብሪካ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይወጣ ነበር። ቤንዚን ሞተሩም ያው የቪትዙ ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው።

ጥያቄ፦ አዲሱን ስታርሌት ልግዛ ወይስ ባሌኖ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንዱን መኪና ሁለቴ ነው የጠየቅሽኝ። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአፍሪካ የመጣው ስታርሌት ሕንድ የሚሠራው ሱዙኪ ባሌኖ ነው። አርማውና የፊቱ ማስጌጫ ነው የተለየው። ሁለቱም በአንድ ዓመት የተሠሩ ከሆኑና ሞተራቸው እኩል ከሆነ፣ ለአርማው ብዙ አትጨምሪ። ግን የድሮውን የ1990ዎቹን (እ.ኤ.አ.) ስታርሌት ከዚህ ጋር አታምታቺው፣ እሱ ጭራሽ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ላይም እንዲሁ ነው?

መልስ፦ አዎ። ፎክስዋገን አይዲ.4፣ ስኮዳ ኤንያክና አውዲ ኪው4 ኢ-ትሮን ከሥር አንድ ናቸው። ፎርድ እንኳ ለአውሮፓው ኤሌክትሪክ ኤክስፕሎረር ያንኑ ተውሷል። ለቻይና ገበያ የተሠራው አይዲ.4 ግን ሶፍትዌሩ ከአውሮፓው ይለያል፣ ስትገዙ እዩት።

ጥያቄ፦ አንተስ ምን ትነዳለህ?

መልስ፦ ፕላትዝ። የፊት ፍሬን ሸራው የቪትዝ ነው፣ ልክክ ብሎ ገብቷል። የግራ የኋላ መብራቱ ግን ከተሰበረ አራት ወሩ ነው። የቪትዙ አይገባም፣ ኮፈኑም ፊቱም ኋላውም የራሱ ነው። ለጊዜው በቀይ ፕላስተር ሸፍኜዋለሁ።