የጎረቤቴ ልጅ ተቀመጠ፣ የእኔዋስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የምኖረው ሜክሲኮ አካባቢ ፎቅ ቤት ነው፣ አምስተኛ ፎቅ። ልጄ ባለፈው ሳምንት ስድስት ወር ሞላት። ስትወለድ 3.1 ኪሎ ነበረች፣ አሁን 6.8 ናት። መጀመሪያ ላይ በወር ወደ 900 ግራም ትጨምር ነበር፣ ባለፈው ወር ግን 350 ብቻ። ከዛ ደግሞ አትቀመጥም። ሳስቀምጣት ወደፊት ድፍት ትላለች። የፊት ለፊት ጎረቤታችን ልጅ በአስር ቀን ነው የሚበልጣት፣ 8.5 ኪሎ ሆኗል፣ ቁጭ ብሎ ይጫወታል! እኔ ሥራ ገብቻለሁ፣ ከሞግዚት ጋር ነው የምትውለው። አማቴ ደግሞ «ጡትሽ ውሃ ሆኗል፣ አጥሚት በጡጦ ጀምሪላት» ይሉኛል። እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?
የአንድ ልጅ እናት፣ ከሜክሲኮ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ተኚ። ደብዳቤሽ ላይ ቀድሜ ያየሁት ቁጥሮቹን ነው። የ3.1 እጥፍ 6.2 ነው፣ ልጅሽ አልፋዋለች። ሕፃን በአምስተኛው ወር አካባቢ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ፣ ዓመት ሲሞላው ሦስት እጥፍ ይሆናል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። በዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ የስድስት ወር ሴት ልጅ መካከለኛ ክብደት 7.3 ኪሎ ነው፣ የወንድ 7.9። መካከለኛ ማለት ደግሞ ግማሾቹ ከዛ በላይ፣ ግማሾቹ ከዛ በታች ናቸው ማለት ነው እንጂ ማለፊያ ነጥብ አይደለም። እኛ ቁጥር ካየን ሁሉም ነገር ማትሪክ ይመስለናል።

የጭማሪው መቀነስም ያለ ነው። ሕፃን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት እንደጨመረ ቢቀጥል ኖሮ ዓመት ሲሞላው ማን ያዝለው ነበር? ከስድስት ወር በኋላ በወር 300 ግራም አካባቢ ከጨመረች ጥሩ ነው። አንቺ የምታዪው የጤና ጣቢያው ካርድ ላይ ያለውን መስመሯን ነው፣ የጎረቤትን ልጅ አይደለም። መስመሯ እንደ ድሮው ወደ ላይ እየሄደ ከሆነ ቀጭንም ብትሆን ደህና ናት። ጠፍጣፋ ከሆነ ወይ ቁልቁል ከወረደ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ውሰጃት።

መቀመጡን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ልጆችን ተከታትሎ ነበር። ያለ ድጋፍ የተቀመጡት ከአራት ወር ገደማ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ወር አለፍ ብሎ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሁሉም ጤነኞች ናቸው! መዳህ ደግሞ ከአምስት ወር እስከ አስራ ሦስት ወር ተኩል ይዘልቃል፣ ጭራሽ ሳይድሁ ተነስተው የሚቆሙም አሉ። ስለዚህ በስድስት ወር ድፍት ማለት በሽታ አይደለም። በሁለት እጇ መሬቱን ተደግፋ ለአፍታ ከቆየች እንደውም መንገድ ላይ ናት። ይልቅ ሌላ ሌላውን እዪ። ትገለበጣለች? ዕቃ ይዛ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ታዛውራለች? ስትጠሪያት ትዞራለች? ትስቃለች? «ባ ባ ባ» ትላለች? ሰው መለየት ጀምራለች? ከነዚህ አብዛኛው ካለ ስለ መቀመጡ አትጨነቂ።

አሁን ግን እኔ ልጠይቅሽ። ቀኑን የት ነው የምትውለው? ፎቅ ቤት ያሉ ልጆችን ሳይ ብዙ ጊዜ የማገኘው ያው ነው። ወይ ጀርባ ላይ ናቸው፣ ወይ ጭን ላይ፣ ወይ ትራስ ተከምሮላቸው ቴሌቪዥን ፊት። ሞግዚቷም አትፈረድባትም፣ ሥራዋን ስትሠራ ማዘል ይቀላታል። ማዘል መጥፎ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ ሲሆን ነው ችግሩ። የጀርባና የአንገት ጡንቻ የሚጠነክረው መሬት ላይ በሆድ ተኝቶ ቀና ለማለት ሲታገል ነው። ጋቢ አንጥፉና በሆዷ አስተኟት፣ ማንኪያ ወይ ክዳን እጇ ሊደርስበት ትንሽ በቀረው ቦታ አስቀምጡላት። ታለቅስ ይሆናል። ሁለት ደቂቃ፣ ከዛ አምስት፣ እንዲህ እያለ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሁን። እንቅልፏን ግን ሁልጊዜ በጀርባዋ ነው።

ሁለተኛው ነገር ፀሐይ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አዲስ አበባ ፀሐይ የሞላባት ከተማ ሆና ሪኬትስ (አጥንት የሚያለሰልስ በሽታ) የሚይዛቸው ልጆች መኖራቸው ሁሌ ይገርመኛል። ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «ምች ይመታታል፣ ብርድ ይገባታል፣ የሰው ዓይን ይይዛታል» ተብሎ ልጅ በነጠላና በብርድ ልብስ ይጠቀለላል፣ ቤት ውስጥ ይውላል፣ መሀል ከተማ ላይ ደግሞ ጎን ለጎን የቆሙት ፎቆች ጥላ በረንዳውን ሁሉ ይዞታል። የእናት ጡት ወተት ሁሉ ነገር አለው፣ ቫይታሚን ዲው ግን ትንሽ ነው። ቫይታሚን ዲ ካነሰ አጥንት ይለሰልሳል፣ ጡንቻ ይደክማል፣ መቀመጡም መቆሙም ጥርሱም ይዘገያል። የእጅ አንጓዋ ወፈር ካለ፣ ስትጠባ ወይ ስትተኛ ጭንቅላቷ በላብ የሚርስ ከሆነ ለሐኪም ንገሪ። «በመስኮት ፀሐይ ይገባል» እንዳትዪኝ! መስታወቱ ሙቀቱን ያሳልፋል እንጂ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር ያስቀራል። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሞግዚቷ ታውርዳት፣ ግቢው ጥላ ከሆነ ጣሪያ ላይ ትውጣ፣ እጅና እግሯ ተገልጦ 20 ደቂቃ ይበቃል። ቅባትም ቅቤም አያስፈልግም። ካልተመቸ በቀን 400 ዩኒት የሚሰጥ የቫይታሚን ዲ ጠብታ አለ፣ ሐኪም ይዘዝልሽ።

ምግቡስ? አማትሽ ሰዓቱን አልተሳሳቱም፣ የተሳሳቱት ጡጦውን ነው። ስድስት ወር ሞልቷታል፣ ከሆድሽ ይዛው የመጣችው የአይረን ክምችት እያለቀ ነው፣ ስለዚህ ከጡት ሌላ ምግብ ያስፈልጋታል። ግን ቀጭን አጥሚት በጡጦ ሆዷን በውሃ ይሞላዋል፣ ጡጦውም በደንብ ካልታጠበና ካልተቀቀለ ተቅማጥ ይዞ ይመጣል። በማንኪያ ይሁን። የምጥን ገንፎው ማንኪያው ሲያዘነብል ቶሎ የማይንጠባጠብ ይሁን። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ጨምሪ። እንቁላል፣ የተፈጨ ምስር፣ ካሮት፣ አቮካዶ እያቀያየርሽ ስጪያት። ጨውና ስኳር ይቅር፣ ማርም ዓመት ሳይሞላት አታቅምሻት። ጾም ሲገባ ድስቱ እንዳይነካ ተብሎ እንቁላል የሚቋረጥባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ሕፃን አይጾምም፤ ለእሷ ትንሽ ድስት ለይተሽ አስቀምጪላት።

«ጡትሽ ውሃ ሆኗል» የሚለውን እርሺው። መጀመሪያ የሚወርደው ወተት ቀጠን ያለ ነው፣ እየጠባች ስትሄድ ይወፍራል። ሥራ ቦታ እያለብሽ አስቀምጪ። ክፍል ውስጥ አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል።

ሳትጠብቂ ሐኪም ጋ የምትሄጂው አንገቷ ካልጸና፣ ሰውነቷ ድርቅ ወይ ልፍስፍስ ካለ፣ ለድምፅ ካልዞረች፣ አንድ እጇን ብቻ የምትጠቀም ከሆነ፣ ወይም ትችለው የነበረውን ነገር ከተወች ነው። ዘጠኝ ወር ሞልቷት ካልተቀመጠችም እንደዛው። ከጊዜዋ ቀድማ ተወልዳ ከነበረ ግን ዕድሜዋን የምትቆጥሪው መወለድ ከነበረባት ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሰባት ወሩ ነው። ተቅማጥ ይዞታል፣ ድዱን ያሻል። እናቴ የጥርስ ነው፣ ድድ የሚቆርጡ ሰው አሉ፣ ይቆረጥለት ይላሉ። እውነት ነው?
አባት፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ እንዳታስነካው! ድድ ሲቆረጥ የሚወጣው የልጁ ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው። ይደማል፣ ያመረቅዛል፣ ምላጩም ስንት ልጅ አፍ ውስጥ እንደገባ አይታወቅም። ጥርስ ልጋግና መነጫነጭ ያመጣል እንጂ ተቅማጥ አያመጣም። አጋጣሚው ዕድሜው ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድበት፣ ምግብም የጀመረበት ጊዜ ነው። ጡቱ አይቋረጥ፣ ጤና ጣቢያ ሂድና ኦ አር ኤስ ከዚንክ ጋር ይሰጡሃል፤ ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩን እስከ ታዘዘው ቀን ጨርስለት። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ደም ካየህ ወይም መጥባት እምቢ ካለ ሳታድር በዛው ሰዓት ውሰደው። እናትህን ደግሞ አትቆጣቸው፣ አብረውህ ይሂዱና ነርሷ ትንገራቸው።

ጥያቄ፦ ለስድስት ወር ልጄ ዎከር (ሕፃን ውስጡ ሆኖ በእግሩ የሚገፋው ባለ ጎማ መቀመጫ) ልግዛ? ቶሎ ይሄዳል ብለውኛል።
እናት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ አትግዢ። ዎከር መራመድን አያፋጥንም፣ ደረጃና የፈላ ውሃ ጋ ግን ቶሎ ያደርሳል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ጭራሽ ከልክላለች። የተሰጠሽ ካለም ለሌላ እናት አታሳልፊው፣ ጎማውን ፈታትተሽ ጣዪው።